በግራ እጄ የተማረችው መምህርት

ቀይ ሪባን ነበር… የፀጉሬ ሪባን።

ከትንሿ ወንበር ጀርባ የታሰረ፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋ፣ እጅ የያዘ ሪባን። ግራ እጅ። የኔን እጅ።

አሳምራ ነበር ያሰረችው ሚስ እልፍነሽ። ሳታሳምር የምትሠራው ነገር የላትም።

ያኔ አምስት ዓመቴ ነው። ያኔ እሷም ገና ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣች፣ ማስመሪያ ከእጇ የማይለይ፣ ድምፅዋ ከደወሉ የሚበልጥ ጀማሪ ነበረች። "እኔ ክፍል ግራኝ የለም!" አለች። እናቴ ደግሞ መጥታ አመሰገነቻት። "በርቺልኝ፣ በዛ እጇ እኮ እንጀራ ልትቆርስብን ነው።"

አሰረችው እጄን። አሰረችው ሰኞ፣ አሰረችው ማክሰኞ፣ አሰረችው ክረምት እስኪገባ።

ቀኜ እምቢ አለ። ግራዬ ፈራ። ፊደል በሁለቱ መሀል ወድቆ ቀረ… ሦስተኛ ክፍል ላይ እኔም ቀረሁ።

እሷ ግን አደገች።

ጀማሪ ነበረች፣ መለስተኛ ሆነች። ዲፕሎማ ነበራት፣ ዲግሪ ጨመረች። በየክረምቱ ሥልጠና፣ በየሥልጠናው ሰርተፍኬት፣ በየሰርተፍኬቱ ጭብጨባ። አሁን ከፍተኛ መምህርት ናት። አደገች… ግድግዳው ሁሉ እሷን ብቻ ሰቅሏል።

እኔስ?

እኔ ተመልሼ እዛው ገባሁ። እዛው መዋዕለ ሕፃናት፣ እዛው ክፍል፣ ሞግዚት ሆኜ። ንፍጥ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ክር አስራለሁ፣ የተሸናበት ሱሪ እቀይራለሁ። ወለሉንም በግራ እጄ እጠርጋለሁ። ለመጥረጊያ ጊዜ ግራ ነው ቀኝ ነው የሚል የለም።

ባለፈው ኤልዳና የምትባል ድንቡሽቡሽ ልጅ እርሳሷን በግራዋ ያዘች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

መጣች ሚስ እልፍነሽ። ተንበረከከች። ተንበረከከች እኮ፣ እሷ! ወረቀቱን ዘንበል አደረገችላት፣ ክርኗን የሚገፋውን ልጅ ወደ ሌላ ጎን አዞረችላት፣ ከዛ ቀስ ብላ፦

"በሚመችሽ እጅ፣ የኔ ቆንጆ።"

በሚመችሽ እጅ!

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ተቃጠልኩ። በሚመችሽ እጅ… የት ነበረች ይህች ቃል ያኔ? በየትኛው ሥልጠና ተሸጉጣ፣ በየትኛው ክረምት ተደብቃ፣ እኔ እስክወጣ በር ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀው?

ትናንት ደግሞ ጀማሪ መምህራን ለልምድ ልውውጥ መጡ። ከሷ ሊማሩ። እኔ የሻይ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። አንዱ ቀጭን ልጅ ጠየቃት፦

"ሚስ፣ ግራኝ ልጅ ሲያጋጥምዎትስ?"

ፈገግ አለች። "እኔ የልጅ እጅ አስገድጄ አላውቅም።"

አላውቅም!

ትሪውን አስቀመጥኩት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

"ዋሸሽ" አልኳት።

አንቺ አልኳት። ዘወትር እርስዎ የምላትን፣ ከፍተኛ መምህርቷን፣ በእንግዳ ፊት፣ አንቺ።

"ትርንጎ! ብርጭቆውን ይዘሽ ውጪ!"

"አልወጣም። ቀይ ሪባን ነበር፣ ንገሪያቸው። ካልነገርሽማ ስትወለጂም እንዲህ የነበርሽ መስሏቸው ይሄዳሉ። ነገ እነሱም ሲያጠፉ እንዳንቺ ይደብቃሉ።"

ልባረር። መጥረጊያ እንደሆነ የትም አለ።

የሚስ እልፍነሽ ዓይን ግራ እጄ ላይ ቆመ፣ ቆየ፣ ከዛ መሬት ወረደ።

"እውነቷን ነው" አለች። "የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዬ ናት። እጇን ከወንበር ጋር አስሬዋለሁ። ፊደል እየጠላች ስትሄድ አየሁ፣ ግን አልፈታኋትም። ሌላ ልጅ ያላሰርኩት… በሷ ተምሬ ነው።"

አንዷ ጀማሪ እንባዋን ጠረገች። ቀጭኑ ልጅ "ትልቅ እድገት ነው፣ ሚስ!" አለ። ጻፉት ሁሉም፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በቀኛቸው።

እድገት! እጄ የሷ እድገት ሆነ። እጄ የነሱ ማስታወሻ ሆነ።

"አንቺ በኔ ተማርሽ" አልኳት። "እኔስ በማን ልማር?"

ይሄንን ማንም አልጻፈውም።

እንግዶቹ ሄዱ። ልጆቹም በየወላጆቻቸው እጅ ተይዘው ሄዱ። መጥረጊያዬን ሳነሳ ከእጄ ወሰደችው፣ ጥግ አስደገፈችው፣ ትንሿን ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ። ወረቀት ዘንበል አድርጋ አስቀመጠች። እርሳስ በግራዬ አስያዘችኝ።

ጨበጥኩት፣ እንደ መጥረጊያ እጀታ። ከፍርሃት አይደለም፣ ከንዴት ነው።

"ቀስ በይ፣ ትርንጎዬ።"

"ቀስ ያልሽው አንቺ ነሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት።"

ተጫንኩት እርሳሱን። ተጫንኩት፣ ተጫንኩት… የ"ሀ" አንዱ ጎን ሳይወርድ ወረቀቱ ተቀደደ።

"ሌላ አምጪ" አልኳት።

ተነስታ አመጣች።