አሥራ ስምንቱ ቀይ ነጥቦች

እማማ ቁልፍ ግድግዳውን ተደግፈው ተንበረከኩና የልጅ ልጃቸውን ዩኒፎርም መንገዱን በዘጋው ቆርቆሮ ሥር አሾለኩት። ከማዶ አንድ እጅ ሳብ አድርጎ ተቀበላቸው። እጁን ያውቁታል። አውራ ጣቱ በመርፌ የተበሳሳ፣ መዳፉ የዊልቸር ጎማ ሲገፋ የደደረ፣ የልብስ ሰፊዋ እጅ ነው።

"ጫፉ ነው የተተረተረው እማማ?"

"ጫፉ ነው ልጄ። በዚያው ትንሽ ልቀቂላት፣ ቁመት ጨምራለች። ደረጃውን እየዘለለች ነው የምትወርደው። አንድ ቀን አንገቷን ትሰብራለች እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።"

ከማዶ ሳቅ ተሰማ። "እርስዎ ደግሞ። ልጅ ካልዘለለ ማን ሊዘል ነው፣ እኔ?"

እማማ ቁልፍ ሊስቁ ፈልገው አቃታቸው።

ቆርቆሮው ከተተከለ አራት ወሩ ነው። ከዚያ በፊት በእማማ ቁልፍ ሕንፃና በአጠገቡ ባለው ሕንፃ መካከል ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወርድ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። መጀመሪያ ደረጃ ብቻ ነበረው። ግንበኛው የልብስ ሰፊዋ ወንድም በእረፍት ቀኑ ሲሚንቶ ተሸክሞ መጣና ከደረጃው ጎን ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት ሠራላት። በዚያ ተዳፋት፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪናዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠዋት ጠዋት ትወጣና፣ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ካለው ጥላ ተቀምጣ ስትሰፋ ትውል ነበር። የሕንፃው ሰው ሱሪው በእሷ ያጠረ፣ መጋረጃው በእሷ የተዘመዘመ ነው። አሁን ልብሱ በቆርቆሮው ሥር ያልፋል፤ ሰፊዋ አታልፍም። በድልድዩ ዞራ ልምጣ ብትል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል፤ ያውም የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋች።

"እማማ፣ አሉ?"

"አለሁ።"

"ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ አሉኝ። ወይ በብሎኬት ይዘጉታል፣ ወይ ይከፍቱታል፤ ዛሬ ይቆረጣል። ሰባት ተኩል ላይ ከተነሣሁ እደርሳለሁ። ግን እኔ ብናገር የታችኛው ሰፈር ሰው ጮኸ ነው የሚባለው። እርስዎ ቢናገሩልኝ?"

"እኔን ደግሞ ማን ይሰማኛል ልጄ።"

"ኧረ እርስዎን ያልሰማ ማንን ሊሰማ ነው።" ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። "ይሄን መንገድ እፈራለሁ ያለው ሰው አሥራ ስምንት ነው አሉኝ። እየሰፋሁ እቆጥራለሁ። ከምድር ቤት እጀምርና እስከ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ይሄ ሱሪውን ሰፍቼለታለሁ፣ የዚያች ልጅ ሲታመም አብሬያት አልቅሻለሁ፣ እላለሁ። አንድም ሰው አላገኘሁም። ምን አድርጌያቸው ይሆን?"

እማማ ቁልፍ ከጉልበታቸው ላይ አቧራ አራገፉ። አቧራው ካለቀም በኋላ አራገፉ።

"ሰው የሚፈራው አይታወቅም" አሉና ተነሡ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቆርቆሮው ዓይን አውጥቶ ጀርባቸውን የሚያያቸው መሰላቸው።

እማማ ቁልፍ ያሏቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በራቸውን ሁለት ጊዜ ይቆልፋሉ፤ ምድር ቤት ከደረሱ በኋላ ቆልፌ ይሆን ብለው ሦስት ፎቅ ተመልሰው ይወጣሉ። ስሙን ያውቁታል፣ አይቀየሙም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላሉ፣ ሳቅ ሲሰሙ። ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ናት። የስምንት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን አደራ ብላ ሰጥታቸው ነው የሄደችው፤ አደራ ደግሞ እንቅልፍ አያስተኛም።

በቆርቆሮው ነገር እሳቸው የሚያውቁት፣ ሌላው የማያውቀው አለ።

ከስድስት ወር በፊት ከፕላን ቢሮ የመጣች ወጣት ባለሙያ፣ ሰፈርተኛው ኢንጂነር የሚላት፣ የአካባቢውን ትልቅ ካርታ በሕንፃው መግቢያ ሰቅላ ለሦስት ቀን ተወችው። ለየቤቱ በፖስታ ሦስት ቀይና ሦስት አረንጓዴ የሚለጠፉ ነጥቦች ታደሉ። የምትወዱት ቦታ ላይ አረንጓዴ፣ የምትፈሩት ላይ ቀይ ለጥፉ፤ ከተማው የሁሉም እንዲሆን የሁሉንም ሐሳብ እንፈልጋለን፣ አለች። መልካም ሐሳብ ነበር። ችግሩ፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የቸኮለ ሰው ነገሩን ሁሉ ለእማማ ቁልፍ ነው የሚተወው። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ የየቤቱ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ጄሪካኑን ወረፋ የሚያሲዙት እሳቸው ናቸው። እናም አምስት ቤት ፖስታውን እንዳለ አምጥቶ፣ ለኛም ይለጥፉልን፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ ብሎ ሄደ።

በዚያው ቀን ልጅቱ ጠፋች። ከትምህርት ቤት መልስ ግማሽ ሰዓት። እማማ ቁልፍ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ዋናው መንገድ ድረስ ወጡ፣ ተመለሱ፣ በመተላለፊያው ወረዱ። ልጅቱን ያገኟት በታችኛው ሰፈር፣ በልብስ ሰፊዋ ደጅ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊት ቀሚስ ስታበጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልጅቱ መንገድ ለመንገድ እንዳትቀር ብላ ነበር ይዛት የወረደችው፤ ለአያትየውም መልእክት ልካ ኖሮ መልእክተኛው በሌላኛው በር ወጥቶ ተላልፈዋል። ልጅቱ ምንም አልሆነችም። እማማ ቁልፍ ግን ሆነዋል። ልጅቱን እየጎተቱ ወጡ፣ አመሰግናለሁ እንኳ አላሉም። ከካርታው ፊት ሲደርሱ ስድስቱንም ፖስታ ከቦርሳቸው አወጡና አሥራ ስምንቱን ቀይ ነጥብ በሙሉ መተላለፊያው ላይ ለጠፉ። በእያንዳንዱ ነጥብ ልባቸው ትንሽ ትንሽ እየረጋ ሄደ። አረንጓዴዎቹን የት እንደለጠፉ አያስታውሱም።

ኢንጂነሯ ነጥብ ቆጠረች። እጅ አልቆጠረችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምድር ቤቱ አዳራሽ አሥራ ሁለት ሰው ተሰበሰበ። ካርታው መሐል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እማማ ቁልፍ ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች አድርገው ተቀመጡ። በሩን ያያሉ። ልብስ ሰፊዋ አልመጣችም።

"እማማ ቁልፍ ከመጡማ መንገዱ ተቆለፈ በሉ" አለ የሁለተኛ ፎቁ ጡረተኛ ሾፌር። ሰው ሳቀ።

ኢንጂነሯ ብዙ አላስረዘመችም። በካርታው ላይ በጣም የተፈራው ቦታ ይህ መተላለፊያ እንደሆነ፣ ቢሮውም በዚሁ ምክንያት ለጊዜው እንደዘጋው ነገረቻቸው። ተቃውሞ ከሌለ በብሎኬት ይገነባል፤ በሥርዓቱ መሠረት ስብሰባ ያልመጣ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ከዚያ እስክሪብቶዋን ወደ ካርታው ሌላ ጥግ አዛወረች።

"አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። በጣም የተወደደው ቦታ እዚህ ነው፣ ከደረጃው ሥር። አሥራ ስምንት አረንጓዴ። ሄጄ አየሁት፣ ባዶ ጥላ ነው። ምን ስለነበረ ነው የወደዳችሁት?"

የሾፌሩ ሚስት ጣቶቿን አየች። ሁሉም ያውቃል። እዚያ የስፌት መኪና ነበረ፣ ወሬ ነበረ፣ ትምህርት ቤት የዋሉ ልጆች ወላጆቻቸው እስኪገቡ የሚቀመጡበት ጨርቅ የተነጠፈበት ሣጥን ነበረ። እማማ ቁልፍ አረንጓዴዎቹን አሁን ነው ያዩዋቸው። ልክ እንደ ቀዮቹ ናቸው፤ አንድ ላይ ተጠጋግተው፣ ጠርዛቸው ተዛንፎ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተለጠፉ። ጥላውን ወደው ወደ ጥላው የሚያመጣውን መንገድ ዘግተዋል።

ሾፌሩ ወደ ካርታው ጎንበስ አለ።

"ቆይ እስቲ፣ የኔ የትኛው ነው? የኔ ቀይ እኮ በሩ ላይ ላለው ጉድጓድ ነበር። መኪና ሰበረብኝ። ፖስታዬን ለእርስዎ ሰጥቼ አልነበር እማማ?"

"ሰጥተኸኛል።"

"ታዲያ ጉድጓዱ ላይ ምንም የለም።"

የእማማ ቁልፍ ጆሮ ጋለ። ወድቆ ይሆናል ለማለት አፋቸው ሄዶ ነበር። ሙጫው መጥፎ ነው ቢሉ ማንም ይቀበላቸዋል። ሰዓቱን አዩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። አሁን ድልድዩ ላይ ትሆናለች፤ ወይም ከድልድዩ ወዲህ ያለውን ዳገት ስትገፋ። እርስዎን ያልሰማ ማንን ሊሰማ ነው ብላ።

"እንቀጥል?" አለች ኢንጂነሯ።

"ይቆይ" አሉ እማማ ቁልፍ። "በዙሪያ የሚመጣ ሰው አለ።"

ተነሡ፣ ጠረጴዛውን ይዘው ወደ ካርታው ተጠጉ። የመጀመሪያውን ቀይ ነጥብ በጥፍራቸው ቀስ ብለው አነሡት። ወረቀቱ ትንሽ ተላጠ። የሚያስቀምጡበት ስላጡ በግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ለጠፉት። ሁለተኛውን አነሡ።

"እማማ፣ እሱ እኮ የሰው ሐሳብ ነው፣ አይነሣም" አለች ኢንጂነሯ ደንግጣ።

"አሥራ ስምንት ሰው አይደለም ልጄ። አንዲት ፈሪ አሮጊት ናት።" አላዩዋትም፣ ሦስተኛውን እየፈለቀቁ ነበር። "የጎረቤቶቼን ፖስታ ሰብስቤ ሁሉንም እዚህ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ ግማሽ ሰዓት ጠፍታብኝ ነበር። ያገኘኋት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው፣ ደህናዋን። ግን ፍርሃቴን አንድ ቦታ ማሳረፍ ነበረብኝ።"

የሾፌሩ ሚስት፣ በስመ አብ፣ ስትል ተሰማች። እማማ ቁልፍ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው፣ አልተከፈተም። የእጃቸው ጀርባ ሞልቶ ወደ አንጓቸው አለፉ፤ አሥራ ስምንተኛውን እስኪያነሡ አላቆሙም።

ሾፌሩ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ። ቀልዱን ትቷል።

"ይስሙኝ እማማ። ማንም ይደነግጣል። እኛስ ፖስታውን ጥለንብዎት አይደል የሄድነው? ካርታው ተበላሽቷል ይባልና ኢንጂነር አዲስ ታመጣለች፣ ሁላችንም ራሳችን እንለጥፋለን። መንገዱ ይከፈታል፣ አለቀ። ለእሷ ምን ይነገራታል? በዚህ ዕድሜዎ ከሰው አይጣሉ።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢንጂነሯ ትንሽ አሰበችና፣ እሷም መጠየቅ እንደነበረባት፣ ካርታውን ሰው ሳታቆም መስቀሏ የራሷ ስሕተት እንደሆነ ተናገረች። ውሳኔው ተሰርዞ እንደገና ይጠየቃል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ የማንም ስም መጻፍ የለበትም፣ አለች። "ታችኛው ሰፈርም ወርጄ እሰቅለዋለሁ። ያኔ መውረድ ነበረብኝ።"

እማማ ቁልፍ ተቀመጡ። ሁሉም ሊሸፍንላቸው ተዘጋጅቷል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያ ደግነታቸው ነው ይበልጥ ያሳፈራቸው። ነጥቦቹን ፈልቅቀው ኪሳቸው ቢከቱ ነገሩ እዚሁ ይቀራል። ነገ ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ ይመጣል። ያቺ ሴት ግን ጨርቅ እየሰፋች ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ መቁጠሯን አትተውም። መንገዱ ተከፍቶም ትቆጥራለች። ሰላም ያላትን ሁሉ፣ ይሄ ይሆን፣ ያቺ ትሆን፣ እያለች።

"እማዬ፣ እጅሽን ኩፍኝ የያዘው መሰለ" አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ እስቲ።"

ኮሪደሩ ላይ የጎማ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ቆመ። የበሩ ጉበን ከፍ ያለ ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ገጨው፣ ሁለተኛ ገጨው። ሾፌሩ ሮጦ ሄዶ ከፊት አነሣላት። ልብስ ሰፊዋ ገባች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ጥቁር ሻሿ በመንገድ አቧራ ግራጫ ሆኗል፤ ጭኗ ላይ የታጠፈ ትንሽ ዩኒፎርም አለ።

"ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ድልድዩ ላይ መኪና ተበላሽቶ ነበር" አለች። ዩኒፎርሙን ለልጅቱ ዘረጋችላትና ዓይኗን ወደ እማማ ቁልፍ መለሰች። "ተናገሩልኝ እማማ?"

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እማማ ቁልፍን አየ፣ እጃቸውን እንዲደብቁ በዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጠቆማቸው።

ካርታው ላይ ነጥቦቹ የተነሡበት ቦታ ነጭ ሆኖ ተልጧል። እማማ ቁልፍ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች አላወረዱም። ከካርታው ላይ አነሡና፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው፣ አሥራ ስምንቱን ቀይ ነጥብ እያሳዩ ወደ እሷ ዘረጉት።

"ቁጠሪያቸው ልጄ" አሉ።