የሦስተኛዋ ሉት ለቅሶ

ኦርሶላ ሰው ፊት መናገር እንጂ ሰው ፊት መሳሳት አያስፈራትም፤ ለምዳዋለች። ጊታር መሰሉን መሣሪያ፣ ሉትን፣ የሚጫወቱት ኦርሶላና ሦስት ባልደረቦቿ አንድ የጥንት ዜማ በጣሊያኗ ቪቼንሳና በአካባቢዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ ሲደረድሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ አምስት ዓመታት ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ ሦስተኛዋ ሉት፣ ማለትም የኦርሶላ፣ ስድስት ጊዜ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ታወጣለች። ከፊት የተቀመጡት ቀና ብለው ያዩአታል። እሷ እስከ ጆሮዋ ትቀላለች።

እናቷ ዴልፊና ገበያ ውስጥ አይብ ትሸጣለች። ከየኮንሰርቱ በኋላ ልጇን አቅፋ ትስምና፣ «ቆንጆ ነበር። እነዚያ ስድስቱ ጋ ግን ዛሬም ሳትሽ» ትላታለች።

«እማዬ፣ ስሕተት አይደለም። ለቅሶ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

ለቅሶ ብለው የሰየሙት ዜማውን የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ታዴዮ ግሪማኒ ናቸው። ዜማው የተጻፈው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ለየሉቱ አንድ አንድ መጽሐፍ አለው። አጻጻፉ ቀላል ነው። ስድስት መስመር ለስድስት ክር ተሰምሯል። መስመሩ ላይ ያለው ቁጥር ጣት የት እንደሚያርፍ ይናገራል፤ ዜሮ ከሆነ፣ ጣት ሳታሳርፍ ክሩን እንዳለ ምታ ማለት ነው። በሦስተኛው ሉት መጽሐፍ አሥራ አንደኛው ቅጠል ላይ ከሌሎቹ ሉቶች ጋር የማይስማማ አንድ ዜሮ አለ። ቅጠሉ ሲገለጥ በጀርባውም አለ። በሚቀጥሉት ሁለት ቅጠሎችም እንደዚያው። በፊተኛው ገጽ በስተቀኝ ከሆነ፣ በጀርባው በስተግራ ይገኛል። ፕሮፌሰሩ ይህንን «በመስታወት ፊት የቆመ ኀዘን» ብለውት፣ ሁለት መቶ ገጽ መቅድም ጽፈውለታል። እንደ መቅድሙ ከሆነ ደራሲው ሚስቱ ሞታበታለች። ደራሲው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሚስት እንደነበረችው ግን ፕሮፌሰሩ አይጠራጠሩም።

አሁን ይህ ሁሉ ታርሞና ተስተካክሎ ሊታተም ነው። አራቱንም መጻሕፍት፣ ከቁጥር እስከ ነጥብ፣ በእጇ የገለበጠችው ኦርሶላ ነበረች፤ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። ፕሮፌሰሩም ቃል ገብተውላታል። «ስምሽ ሽፋኑ ላይ ከእኔ ስም ሥር ይገባል። ቅዳሜ ከኮንሰርቱ በኋላ የመጨረሻው ረቂቅ ላይ ትፈርሚያለሽ፣ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።» የእሷ ስም እስከዚያ ቀን ድረስ ከትምህርት ቤት ሰርተፊኬት በቀር የትም ታትሞ አያውቅም። በየምሽቱ ከመተኛቷ በፊት ምን ዓይነት ፊደል እንደሚሆን ታስብ ነበር።

ዓርብ ዕለት ማተሚያ ቤቱ የመጻሕፍቱን ቅጠል ብዛት ጠየቀ። እሷም ፕሮፌሰሩም ዋናዎቹን መጻሕፍት በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ የሠሩት ከማይክሮፊልም፣ ከፎቶ ቅጂ ነው። ፕሮፌሰሩ «ዋናው የሚጨምረው አቧራ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ቅጠል እንድትቆጥር ኦርሶላ ወደ ካህናት ማሠልጠኛው ቤተ መጻሕፍት ተላከች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዶን ካሊስቶ የተባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። መጽሐፉን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡላት።

አሥራ አንደኛውን ቅጠል ቀስ ብላ ስታነሳ፣ በዜሮው መሐል ያለፈች ምስር የምታህል የፀሐይ ጠብታ የእጇ አንጓ ላይ አረፈች። ቅጠሉን ወዲህ አደረገችው፤ ጠብታዋም ወዲህ መጣች። ወዲያ አደረገችው፤ ወዲያ ሄደች።

«አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትል ናታ!» አሉ ዶን ካሊስቶ፣ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ። «ሦስት ቅጠል በላችና ጠገበች። ጨዋ ትል ነበረች። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ሌሎቹ ትሎች ያደረጓቸውን ብታዪ!»

ቅዳሜ ከሰዓት ሉቶቹን ሲቃኙ ኦርሶላ ለቤፒ በሹክሹክታ ነገረችው። ቤፒ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው፤ ድምፀ ወፍራሙን ሉት የሚደረድረው እሱ ነው። ሲስቅ የቃኘው ክር ሁሉ ላላ።

«ለትል እራት ነዋ አምስት ዓመት ሙሉ ስናለቅስ የከረምነው!»

«ቀስ በል አጎት ቤፒ፣ ፕሮፌሰሩ ይሰሙሃል።»

«ይስሙኛ! ንገሪያቸው።»

«ስሜን ከሽፋኑ ቢያወጡትስ?»

«ካልነገርሻቸውማ ይገባልሻል። ከነቀዳዳው።»

ኮንሰርቱ በማሠልጠኛው ቤተ ክርስቲያን ተጀመረ። ፕሮፌሰሩ ከፊት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ያ ቦታ ሲደርስ የኦርሶላ አውራ ጣት እንደ ልማዷ ወደ ክሩ ሄደች፤ ሄዳም ሳትነካው ተመለሰች። አራቱ ሉቶች አንድ ላይ ሰመሩ። ስድስቱንም ጊዜ ዘለለችው። በስድስቱም ጊዜ የፕሮፌሰሩ መሐረብ በሰዓቱ ወጥቶ በሰዓቱ ተመለሰ።

ሲያበቃ ፕሮፌሰሩ እጆቻቸውን ዘርግተው መጡ። «ኦርሶላ፣ ልጄ! እንደ ዛሬ አልቅሰሽ አታውቂም። አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።» ረቂቁን አውጥተው ከነብዕሩ ሰጧት።

ዴልፊና ሰዉን እየገፋች ደረሰች። «ምነው፣ ዛሬ ስድስቱን ተውሻቸው? ስቆጥር አንድም የለ።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። «ሲኞራ፣ እኔ እኮ ራሴ ሰምቻለሁ።»

«እኔ አይብ ሻጭ ነኝ፣ ሙዚቃ አላውቅም። ግን የሉም።»

ኦርሶላ ብዕሩን አየችው። ከዚያ እናቷን አየች፤ እናቷ መልስ እየጠበቀች ነበር።

«አልመታኋቸውም ፕሮፌሰር» አለች። ድምፅዋ እንደ ቀጭኗ ክር ነበር። «ዜሮው ዜሮ አይደለም። ቀዳዳ ነው። ትናንት አየሁት።»

ፕሮፌሰሩ አላምን ስላሉ ሁሉም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዱ፤ ግቢውን እንዳቋረጡ ነው። ዶን ካሊስቶ ከፈቱላቸው። ፕሮፌሰሩ አሥራ አንደኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ቀና አደረጉና ዓይናቸውን አስጠጉ። በወዲያ በኩል ቤፒ የራሱን ዓይን አስጠግቶ ኖሯል።

«እንደምን ዋሉ ፕሮፌሰር» አለ።

ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። ሃያ ዓመት የለፉበት ነገር ነውና ኦርሶላ ብዕሩን ልትመልስላቸው እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን የሚያዩት ዶን ካሊስቶን ነበር።

«አባ፣ ይቺ ትል… በስንተኛው ክፍለ ዘመን የኖረች ይመስልዎታል?»

«እኔ በምን አውቄ!»

«አይ፣ ማለቴ… ደራሲው በሕይወት እያለ ከሆነ፣ አይቷት ሊሆን ይችላል። አይቶም ፈቅዶላት።»

ኦርሶላ ይህንን ስትሰማ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ገለጠች፤ የሦስተኛውን ሉት ገጾች አወጣችና ስድስቱን ዜሮዎች አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ማንንም አልጠየቀችም። ከዚያ ሥሩ ላይ ስሟን ጻፈች።

«መቅድሙስ?» አሉ ፕሮፌሰሩ በፈራ ድምፅ።

«መቅድሙ የእርስዎ ነው። ክሮቹ ግን እንዲህ ናቸው።»

መጽሐፉ በመከር ወጣ። መቅድሙ በሠላሳ ገጽ ጨምሯል፤ የጨመረው ሁሉ ስለ ትሏ ነው። የሦስተኛው ሉት ገጾች ግን ንጹሕ ነበሩ። ዴልፊና ሽፋኑ ላይ የልጇን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ የአይብ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች ታያቸው ጀመር። ደንበኞቿ ተሰልፈው ጠበቁ።