ሦስተኛዋ ኖዝል

...ቀጥ በል እንጂ፣ ቀጥ በል፣ ዛሬ እንኳ አታዋርደን፣ ነበልባሉ ወደ ግራ እያዘነበለ ነው፣ አንድ ስንዝር፣ አይ፣ ሁለት፣ ዓይኔን በምድጃው መመልከቻ መስታወት ላይ ተክዬ፣ ጉንጬ እየተለበለበ፣ ኦርቫል ከኋላዬ ቆመዋል፣ ይህን የጋዝ ማቃጠያ የነደፉት እሳቸው ናቸው፣ በተልሳ ከተማ የሙከራ ግቢ አርባ ዓመት እሳት ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው፣ ነገ ጡረታ ይወጣሉ። ከአጠገባቸው ገዢው፣ ፕሩዶም፣ ከሉዊዚያና ድረስ መጥቶ፣ ነበልባሉ በምድጃው ውስጥ የሚያልፈውን ቧንቧ ከነካ አልገዛም ብሏል፣ እሱ ካልገዛ ደግሞ አለቆቻችን የሽማግሌውን የስድስት ዓመት ድካም መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፉበት ነው።

እሳትህ ቧንቧዬን ሊስምብኝ ነው መሰለኝ፣ ሽማግሌው። ይላል ፕሩዶም፣ ይስቃል ደግሞ።

ግን እንዲህ አዘንብሎም እንዴት ያምራል! ሰማያዊ፣ ጫፉ ብቻ ደብዛዛ ብርቱካን፣ የጡቡን ቀለበት እየታከከ የሚወጣ። ስምንት ኖዝል፣ የጋዝ መርጫ አፍ፣ በእያንዳንዷ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ፣ ይህን ሁሉ እሳት የምትገራው እሷ ናት፣ እሷና ማዘንበሏ። ልጄ፣ ስሚኝ፣ አሉኝ ኦርቫል አንድ ቀን፣ ጋዝና አየር ቶሎ ከተጋቡ ነበልባሉ አጭርና ቁጡ ነው፣ ከዘገዩ ረጅምና ሰነፍ፣ የኛ ሥራ ሽምግልና ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ገጣጣሚ ነኝ፣ ያን ቀን ግን እሳት ገባኝ።

ታዲያ ምን ነካው? ሦስተኛዋ። በሦስተኛዋ በኩል ነው የሚያዘነብለው፣ ትናንት የቀየርኳት፣ የድሮዋ ተሰንጥቃ ነበር፣ ከኦርቫል ሳጥን አዲስ አወጣሁ፣ ቀዳዳዋ ያለችበትን ጎን የሚያሳየውን ጭረት፣ ምልክቷን፣ ወደ ቀለበቱ መሃል አዞርኩ፣ አጠበቅኩ። ምልክቷን።

ወይ ጉዴ።

ግራኝ ናቸው! ሰው ሁሉ ምልክቱን የሚመታው በቀዳዳዋ በኩል ነው፣ እሳቸው ግን በግራ እጃቸው ስለሚሠሩ ከጀርባ ይመታሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነግረውኝ ስቄባቸዋለሁ። ሰባቱን ራሳቸው ገጠሙ፣ ሦስተኛዋን ብቻ እኔ፣ ፊቷን ወደ ቧንቧው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ንድፉ ነው ይላሉ፣ ሽማግሌው ደክሟል ይላሉ። ብናገር እንጀራዬ።

በቃኝ፣ አጥፉት፣ ይላል ፕሩዶም።

ሦስተኛዋ ናት፣ ይላሉ ኦርቫል፣ በቀስታ፣ ድምጿ ከእህቶቿ ተለይቷል፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ምልክት አመታቴ ነው ያሳሳተው።

ሳያዩ! በጆሯቸው! ደግሞ የኔን ጥፋት ሊሸከሙልኝ፣ አርባ ዓመት ሠርተው በመጨረሻው ቀን፣ አይሆንም፣ የለም፣ እርስዎ አይደሉም፣ ነግረውኝ ነበር፣ ያዞርኳት እኔ ነኝ፣ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ፕሩዶም ዞሮ አየኝ፣ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ ጌታዬ፣ ጋዙ ተዘጋ፣ በወፍራም ጓንት ከሥር ገባሁ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ፣ ግማሽ ዙር፣ ጥብቅ፣ አብሩት!

ቆመ። ሻማ ነው የሚመስለው፣ ቀጥ፣ ዝም። ፕሩዶም ዓይኑን ከመመልከቻው መስታወት ሊነቅል አልቻለም።

ታረቁ አይደል፣ ይሉኛል ኦርቫል፣ ሳያዩት፣ እየሰሙት። የምልክት መምቻቸውን እጄ ላይ ያስቀምጣሉ። ከእንግዲህ ከፊት ምቺው፣ ለአንድ ግራኝ ሲባል ሰው አይሳሳት።

እሺ። ከፊት ጭረቱን እመታለሁ። ከጀርባ ደግሞ፣ ማንም ባያየውም፣ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል።