አሥረኛው መሐላ

የጎሳው ሽማግሌ ዛይድ ባሌን ኢሹን ለመሐላ ሲመርጠው ልቤ ፈራ። ዛይድ የባሌ አጎት ነው፤ አንቱ ማለቱን ግን ከመሐላው ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ።

ክርክሩ ከተራራው በር፣ ከመተላለፊያው በላይ ያለው መስክና ምንጭ የማን ነው የሚል ነበር። በእኛ በአትላስ ተራሮች እንዲህ ያለውን ነገር የሚቆርጠው መሐላ ነው። አሥር ዘመዳሞች የወልዩ፣ የቅዱሱ ሰው መቃብር ላይ እጃቸውን እየጫኑ ተራ በተራ ይምላሉ። አንዱ እንኳ ዝም ካለ የሁሉም መሐላ እንዳልተማለ ይቆጠርና መስኩ ለባላጋራ ይሄዳል። አሥሩም በሐሰት ከማሉ ደግሞ የወልዩ እርግማን ይደርስባቸውና ልጆቻቸውን ይቀብራሉ።

እኔ የተወለድኩት ከባላጋራዎቹ ዘንድ፣ ከተራራው ወዲያ ነው። ምንጩ አጠገብ ያለው የተቃጠለ ድንጋይ የአያቴ በረት ነበር። የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ተራራውን ሲደበድቡ የእኛ ሰዎች ወደ በረሃው ሸሹ፤ ሲመለሱ የባሌን ዘመዶች መስኩ ላይ ሰፍረው አገኟቸው።

የመሐላው ቀን ጠዋት ኢሹ በቅሎውን እየጫነ፣ «አንቺ ከሁለቱም ወገን ኖረሻል። የማን ነው?» አለኝ። ሆዴ እስከዚህ ገፍቶ ምን ብዬ ልዋሽ? እውነቱን ነገርኩት። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ መስኩን ካጣን መንጋውንም እንደምናጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዛይድ ተራ ሲያስይዝ ኢሹን መጨረሻ አቆመው። እኛ ሴቶቹ ከመቃብሩ ቅጥር ውጭ ሆነን እናያለን። ዛይድ መጀመሪያ ማለ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሌሎቹም ተከትለው ማሉ። ኢሹ እጁን መቃብሩ ላይ አሳረፈ። ማዶ የቆሙት ወንድሞቼ አንገታቸውን አሰገጉ። ባሌ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ እጁን አነሳና ወጥቶ ጫማውን አጠለቀ።

መስኩ ሄደ። በመንገድ ማንም አላናገረንም፤ አንድ የአጎቱ ልጅ እግሩ ሥር ተፋበት። ዛይድ ሌሎቹን አሳልፎ ተራራው በር ላይ ጠበቀን። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የልጅ ልጆቼን አተረፍክልኝ» አለው። «እንደማትምል ስለማውቅ ነው መጨረሻ ያቆምኩህ።»

«ካወቁ መሐላውን ለምን አልተዉትም፣ አባባ?» አለ ኢሹ።

«መስኩን በገዛ እጁ ሰጠ ልባል? በዚህ ዕድሜዬ?» ወደ ሆዴ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። «ነገ በሸንጎ ፊት አባርርሃለሁ። በጎችህን ዛሬውኑ ሰብስብ።»

ፊቱ ላይ ልተፋበት ፈለግሁ፤ ምራቄ ደርቆ እምቢ አለኝ። እሱ የኢሹን ግንባር ሳመ፣ እንባውን ጠረገ፣ ከዚያም ቁልቁል ለሚወርዱት እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከሃዲ» እያለ ተከተላቸው።