በፈቃዳችን ወጣን

…እና ፈቃድ ይሉታል፣ ፈቃድ፣ በሰንበት ጎህ ሳይቀድ ከዓባይ ማዶ አስፋልት ዳር በፋብሪካው አውቶብስ ተጭኖ፣ በሩ ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት ብሎ፣ ወረታን አልፎ፣ እስከ ጉልበቱ የጣና ጭቃ ውስጥ የተዘፈቀ ሰው በፈቃዱ መጣ ይባላል፣ ያ ታላቅ ቃል፣ ለአዳም በገነት የተሰጠው፣ ሊቃውንቱ ስንት ዘመን የተከራከሩበት፣ ዛሬ ቢጫ ቲሸርት ላይ ታትሞ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፣ በፈቃዳችን ወጣን፣ ላቤ እያራሰው ነው፣ ቀለሙም ይለቃል። ርካሽ ቀለም።

ልጎትት።

እምቦጩን ከሥሩ ነው የሚይዙት፣ ከአንገቱ የያዙት እንደሆነ ይበጠስና የቀረው ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ይህን ያስተማረን የለም፣ እጃችን ነው የተማረው፣ ጓንት የለንም፣ ጓንቱ ለፊተኛው ረድፍ ነው፣ ካሜራ ለሚያየው፣ ሥሩ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ ሰጥማ የወጣች ሴት ጸጉር ይመስላል፣ አበባው ግን ያምራል፣ ምን ላድርግ፣ ያምራል፣ ሐምራዊ ሆኖ ሐይቁን እንደ ግምጃ ተነጥፎበታል፣ ውሃ አንቆ የሚገድል ነገር ይህን ያህል ማጌጥ ለምን አስፈለገው፣ ጥያቄዬን ለማን ላቅርብ፣ ለአቶ አዘዘ?

አቶ አዘዘ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፣ እዚያ ደረቁ ላይ ከባነሩ ሥር ቆመዋል፣ አዲስ የጎማ ቦት ጫማ አጥልቀዋል፣ ጠብታ ጭቃ አልነካውም፣ እሳቸው እላለሁ፣ አፌ ለምዶ፣ ልቤ ግን አንተ ካላቸው ቆየ። እዚሁ፣ እዚሁ ከምሩት፣ ይላሉ፣ ከባነሩ ሥር፣ ካሜራው ውስጥ እንዲገባ፣ ጌታዬ፣ ውሃው አፍ ላይ ከተከመረ ማዕበሉ መልሶ ይወስደዋል፣ ባለፈውም እንዲሁ ነበር፣ ሽቅብ ወደ ግጦሹ ወስደን ካላደረቅነው፣ አልልም፣ አላልሁም፣ ሁሉም ያውቃል፣ ባለፈው ዘመቻ ገና አውቶብስ ሳንሳፈር የከመርነው እየተንሳፈፈ ሲመለስ አይተን ተሳፈርን፣ ሥራው ለሐይቁ አይደለማ፣ ለፎቶው ነው፣ ፎቶው ከተነሣ ሐይቁ ምን ቸገረን።

አልቅት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ወፍራም፣ ጠግባ፣ ሳላውቅ ስትመጠኝ ቆይታ፣ እሷ እንኳ በፈቃድህ ነው ብላ ቲሸርት አላለበሰችኝም።

ፋብሪካችን ውሃ ያሽጋል፣ ውሃው ከጉድጓድ ነው የሚወጣ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል ግን ሐይቅ ነው፣ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ሐረግ የጻፍሁ እኔ ነኝ፣ ኪሩቤል፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተመረቅሁ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ውሌ በየስድስት ወሩ እንደ አሮጌ ኩታ የሚጣፍ፣ ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ነፍሱ የምትወጣ፣ ጊዜያዊ፣ ዓለምም ጊዜያዊት ናት ብዬ እንዳልጽናና የቤት ኪራዩ ዘላለማዊ ነው፣ ጀርባዬ ላይ ያለውንም የጻፍሁ እኔ ነኝ፣ ሦስት ቃል ይበዛል በሁለት አድርገው ተብዬ፣ ኧረ ተወው፣ ማሳመር እንጀራዬ ነው፣ እምቦጭና እኔ ባልደረቦች ነን።

እማዬ ትናንት ከዱርቤቴ ደወለች፣ የኔ ጌታ፣ ቋሚ ሆንህ ወይ፣ ሰላምታዋ ይህ ከሆነ ሰነበተ፣ እንዴት ዋልህ የሚለውን ትታዋለች፣ በቅርብ ነው እማዬ፣ በሞቴ፣ በቅርብ ስትል ሦስት ዓመትህ፣ የጎረቤታችን ልጅ እኮ ባጃጅ ነድቶ የእናቱን ጣራ ለወጠ፣ አንተ ያን ሁሉ ተምረህ፣ እንጃ ልጄ፣ የሰው ዓይን ይሆን፣ ጠበል ብትጠመቅ፣ የሰው ዓይን አይደለም እማዬ፣ ሰው ነው፣ ራሱ ሰውየው፣ ይህን አላልኋትም፣ ዲግሪዬን በሰቀለችበት ግድግዳ ላይ ጣራዋ ያፈሳል፣ እሷ ግን ድስቱን ከሥሩ ደቅና ልጄ ባሕር ዳር ትልቅ ሥራ ይዟል ትላለች።

ሰኞ። ነገ። ዓርብ አቶ አዘዘ ቢሯቸው አስጠርተው፣ ተቀመጥ አሉኝ፣ ተቀመጥ ብለውኝ አያውቁም፣ ኪሩቤል፣ አንተ ቃል አለህ፣ አንደበትህ የተባረከ ነው፣ እሑድ ቴሌቪዥን ይመጣል፣ ሠራተኛው ለጣና ካለው ፍቅር የተነሣ በራሱ ፈቃድ እንደወጣ ባማረ አማርኛ ትናገራለህ፣ ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤህን ከእጄ ትወስዳለህ፣ ተግባባን፣ ተግባባን አልሁ፣ እጅም ነሣሁ፣ ወገቤ ከአፌ ቀደመ።

ሰኞ እኔ፣ ማክሰኞ ዘይነት።

እነሆ ከጎኔ ናት፣ ሒጃቧን ወደ ኋላ አስራ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ከእኔ ሁለት እጥፍ ትጎትታለች፣ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ በመብራት ፊት እያሳለፈች ጉድፍ የምትፈልግ ናት፣ ዓይኗ ከዚያ የተነሣ ሁልጊዜ ቀልቷል፣ ባለፈው ዘመቻ ልጇን ተስኒምን ትኩሳት ይዟት ቀረች፣ በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፣ ከደመወዟም ቆረጡ፣ ሌላ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሷ ወጥታ ለከተማው ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመለከተች፣ በዕረፍት ቀኔ ያስገድዱኛል ብላ፣ አቤቱታዋ ማክሰኞ ይታያል፣ ፋብሪካው ምን አለ፣ ማንም አልተገደደም፣ ሠራተኛው በፍቅር ነው የሚወጣ፣ ሴትዮዋ ውሸታም ናት፣ ማስረጃ አለን፣ ማስረጃው ማን ነው። ይኸው። ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቃል የሚያሰማምር።

ጧት አውቶብስ ውስጥ፣ ዛሬ የምትሰብክልን አንተ ነህ አሉ፣ አለችኝ፣ ማን ነገረሽ፣ ግድግዳው፣ ሳቀች ደግሞ፣ እኔ እኮ አማርኛህን እወደዋለሁ ወላሂ፣ ያምራል፣ ሲያልቅ ግን ምን እንዳልህ አይገባኝም፣ ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ፣ ዘይነት፣ ሰውየው ያዙኝ እኮ፣ ምን ላድርግ፣ ያዝዛላ፣ አዘዘ ብላ ስም ያወጣችለት እናቱ ነቢይት ናት፣ እንደገና ሳቅ፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስማኝ ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ እንጀራህን አትዝጋ፣ እኔ አልለምንህም፣ ብቻ ስትናገር ወደ እኔ አትይ፣ አለችና ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፣ ባትልስ ምን ነበረበት፣ ብትሰድበኝ፣ ብታለቅስ፣ ለሚለምን ሰው እንቢ ማለት ይቀላል፣ አትይ አለች፣ አትይ።

እርግማን በአፌ ይመጣል፣ ሳላስቀድስ የመጣሁበት ሰንበት ነውና እውጠዋለሁ፣ ንዴት ግን ጾም አያውቅም፣ የምናደደው በማን ነው፣ በእሳቸው፣ አዎን፣ ውሃ ሽጠው ፎቅ የደረደሩ ሰው የሕፃን ትኩሳት ከደመወዝ ሲቆርጡ፣ ግን ደግሞ እኔንም ምን ሊሉኝ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የደለሉኝ፣ ቃል አለህ፣ ቃል አለህ፣ ደመወዝ ሲጠየቅ ምስጋና ይከፍላሉ፣ ምስጋናቸውን ይዤ ሱቅ ብሄድ ባለሱቁ ሙሀመድሰዒድ፣ ይቅርታ የኔ ወንድም፣ ይህ እኛ ጋ አይሠራም ይለኛል፣ ዘይት እንኳ አይሰጠኝም፣ ፎጋሪ ሁላ።

ንፋሱ ተነሣ። ከሐይቁ ነው የሚመጣ።

ካሜራዋም መጣች። ጋዜጠኛዋ ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ድንጋይ ለድንጋይ ትረግጣለች፣ ከኋላዋ ካሜራ የተሸከመ ጎረምሳ፣ ከእሱ ኋላ እሳቸው፣ አሁን ጓንት አጥልቀዋል፣ ከክምሩ አንድ እምቦጭ አንሥተው እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፈው ፎቶ ተነሡ፣ መልሰው ጣሉት፣ ኪሩቤል፣ ና ወዲህ፣ ከክምሩ አጠገብ ቁም፣ ፈገግ በል እንጂ ሐዘን ቤት ነው እንዴ፣ ልጄ፣ ይሉኛል፣ ዛሬ ልጃቸው ነኝ።

ቆምሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው፣ ክምሩ ከግራዬ፣ ዘይነት ከቀኜ፣ ታቅፋ የመጣችውን ልትጥል ቆማለች፣ አላያትም፣ አላይም፣ ማይኩ አገጬ ሥር ገባ፣ እስኪ ንገረን፣ ትላለች ጋዜጠኛዋ፣ በዕረፍት ቀናችሁ እዚህ ያወጣችሁ ምንድን ነው፣ በራሳችሁ ተነሣሽነት ነው ብለውናል።

ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቷል፣ ሌሊቱን ሲጠረብ አድሯል፣ ጣና በታመመበት ወራት ጤነኛ ሆኖ መተኛት ለልጆቹ ነውር ነውና፣ እያለ ይቀጥላል፣ ያምራል፣ እግዚኦ ሲያምር፣ ሐምራዊ ነው፣ ምላሴ ላይ ተነጥፏል፣ ጣና በታመመበት፣ አልሁ፣ በታመመበት ወራት፣ እማዬ ጣራው ይለወጣል፣ ድስቱን አንሺው፣ ከግራዬ አንዳች ነገር እግሬን ነካኝ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ የክምሩ እግር ነው፣ ማዕበሉ ገብቶበታል፣ አንዱ እምቦጭ ተንሸራተተ፣ ሌላው ተከተለው፣ አበባውን ቀና አድርጎ እያጌጠ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ዘይነት እሱን ነው የምታይ፣ እኔን አይደለም፣ የታቀፈችውን ክምሩ ላይ አልጣለችም፣ ይዛው ሽቅብ ወደ ግጦሹ ሄደች፣ ብቻዋን፣ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ጀርባዋ ላይ የእኔን ሁለት ቃል ተሸክማ።

ካልመጣን ይቆረጥብናል።

ማን አለ። ድምፁ የእኔ ነው፣ ቀጭን፣ ደረቅ፣ አላውቀውም።

ይቅርታ፣ ትላለች ልጅቱ፣ ከጣናው ቀጥል፣ ተቋረጠብህ መሰል፣ ደንግጦ ነው፣ ይላሉ እሳቸው ከኋላዋ፣ ካሜራ አይቶ አያውቅም፣ ከመጀመሪያው ይጀምር፣ ኪሩቤል፣ እንደተነጋገርነው በል፣ ጓንታቸው ትከሻዬን ጨበጠው፣ እንደተነጋገርነው ልጄ፣ ነገ ሰኞ እኮ ነው።

ነገ ሰኞ ነው፣ አዎን፣ ጊዜያዊ እንኳ አልሆንም ነገ፣ እማዬ ትደውላለች፣ ምን እላታለሁ፣ ያማረው ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ቆሞ ይለምነኛል፣ ለሚለምን እንቢ ማለት ይቀላል ብያለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ እሺ።

ካልመጣን ደመወዛችን ይቆረጣል። ዘይነት ልጇ ታማ ቀርታ ተቆርጦባታል።

በቃ፣ አጥፋው፣ አጥፋው አልሁህ፣ ይጮኻሉ፣ ካሜራው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትብራ ትጥፋ አላይም፣ ግጦሹን ነው የማይ፣ ዘይነት ቆማለች፣ ዞራለች፣ የታቀፈችው እስካሁን ከእጇ አልወረደም፣ ጎንበስ እላለሁ፣ ማዕበሉ የሚወስደውን በሁለት እጄ ከሥሩ እይዛለሁ፣ ከባድ ነው፣ ጓንቱ ትከሻዬ ላይ አለ ገና፣ ይጎትተኛል፣ ደግመህ ትለዋለህ፣ ይሉኛል በጆሮዬ፣ እላለሁ ጌታዬ፣ ከባዱን ታቅፌ ሽቅብ እየወጣሁ እላለሁ፣ ካልመጣን ይቆረጣል፣ ማክሰኞም ሄጄ ይህንኑ ነው የምል፣ ይህንኑ፣