ሰባ የክብሪት ቀፎ

ሰባ የክብሪት ቀፎ አድዬ ሰባው ሲመለስልኝ ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። በላቦራቶሪ ሥራ ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ እንኳ፣ የተማረው የመንግሥት ሠራተኛ «ሰገራ ይዘህ ና» ሲባል ግማሹ በዚያው ይጠፋል፣ ከቀረው ብዙው «ነገ» ይላል፤ ነገም አይመጣም። የጉብ ማርያም ሰው ግን በማግስቱ ፀሐይ ሳትሞቅ ተሰልፎ ሰባውንም አስረከበኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ «ሸጋ ሕዝብ!» ብዬ አመሰገንሁ።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ያን ዓመት አገር ሁሉ ይጠና ነበር። ከዳባት ወዲያ ደጋው ላይ ያለው ይህ ቀበሌ ለሰው ኑሮ ይስማማል ወይስ ሕዝቡ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይስፈር፣ አጥንታችሁ አምጡ ተብለን አምስት ሆነን ተላክን። ስማችን «ሁለገብ የጥናት ቡድን» ነበር። እንዲያው ለስሙ ነው እንጂ ሁለገብስ ላንድሮቨሯ ነበረች። የአፈር ባለሙያው ገደል ባየ ቁጥር «አቁምልኝ!» እያለ ጭቃ በከረጢት ይዞ ይመለሳል። የውኃ መሐንዲሱ ጭቃው መለኪያውን እንዳይነካበት እየተሳደበ ይሸሻል። የታሪክ ሰው አዳሙ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጅም ወጣት፣ ጉብ ማርያም ደብር ውስጥ ባለ አንድ ብራና ኅዳግ ላይ ስለተጻፈች ማስታወሻ ብቻ ያወራል። መሪያችን ዶክተር ላቀው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቃል ይዘጋቸዋል፦ «ጓዶች፣ ሰው ከታመመ አፈሩስ፣ ውኃውስ፣ ብራናውስ ለማን ነው?» እኔን ሰው የሚያናግረኝ ስንቁ የት እንዳለ ሲጠፋ ብቻ ነበር።

ጉብ ማርያም እንደደረስን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰበሰበልን። ዶክተር ላቀው ስለ ናሙና፣ ስለ መረጃ ትንተና፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤንነት ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ብሎ ሰማው። ዶክተሩም ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ቀፎውን እንዳድል አዘዘኝ። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ ሰባ ቤት፣ ሰባ ቀፎ።

በማግስቱ ማይክሮስኮፑን ትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ተከልሁ። መብራት ስለሌለ ከሥር ባለችው መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየለቀምሁ ነው የማየው። የመጀመሪያው ናሙና ላይ ጎኑ እሾህ ያለው እንቁላል አገኘሁ። ቢልሃርዚያ ነው። ገረመኝ፤ ይህ ትል ቆላ የሞቀ ወንዝ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ነው የሚራባው፤ ውርጭ በሚያርፍበት ደጋ ምን ይሠራል? ሁለተኛውም ያው ነው። ዐሥረኛውም፣ ሠላሳኛውም። ስጨርስ ከሰባው ስድሳ አራቱ ላይ ያው እሾሃም እንቁላል አለ፣ ብዛቱ እንኳ ብዙ አይለያይም። ገና ጡት ያልጣለ ሕፃንና ዓይኗ የጠፋ መነኩሲት እኩል ታመዋል። ይህ በምን ሒሳብ ይሆናል?

ዶክተር ላቀው ግን ከደስታው የተነሣ መቀመጥ አቃተው።

«ዘጠና አንድ በመቶ! እስከ ዛሬ በደጋ እንዲህ ያለ ነገር ማን አግኝቷል?»

«ዶክተር፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ናሙናው ይደገም።»

«እጅጋየሁ፣ አንቺ ቁጠሪ። መተርጎም የእኛ ነው» አለኝ።

ዐሥራ አራት ዓመት የቆጠርሁበት ዓይኔ እስኪቃጠል ተናደድሁ፤ ቁጥሩን ግን መዝገቡ ላይ አሰፈርሁ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ውጤቱን አቀረበ። የአፈር ባለሙያው «እርከን ከተሠራለት መሬቱ ገና ያበላል» አለ። መሐንዲሱ «ምንጩ ለሁለት መቶ አባወራ ይበቃል» አለ። አዳሙ ሰው እዚህ ጉብታ ላይ ስንት ትውልድ እንደኖረ ከብራናው አስረዳ። ሦስት ሙያ «ይቆዩ» አለ። ዶክተር ላቀው ሁሉንም አመሰገነና የራሱን ማጠቃለያ አነበበ፦ ከመቶ ዘጠና አንዱ በታመመበት ቦታ ሰው ማኖር ወንጀል ስለሆነ ነዋሪው በአስቸኳይ ወደ መተከል ይዛወር። ሦስቱም ምሁራን ተስማምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው ጤና የእነሱ ዘርፍ አይደለማ!

ወጥቼ ወደ ደብሩ ሄድሁ። አዳሙ ቀድሞኝ ወጥቶ ብራናውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ወይራ ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። ስድሳ አራቱ ቀፎ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ እንዳልገባኝ ስነግረው ሳቀ።

«እሱማ የአያ ቢያዝን ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሰገራው ነዋ!» ደብተሩን ገለጠና አነበበልኝ። ለሰፈራ የሚወሰደው ጤነኛ ጤነኛው ነው የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶታል። ስለዚህ እኛ የመጣን ዕለት ሰዉ መከረ። አያ ቢያዝን ሳንጃ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ሲያርም ሦስት ዓመት ኖሮ ሆዱ አብጦ፣ ደም እያስቀመጠው የተመለሰ ድኃ ነው። ከዚያ ዕለት በፊት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ያን ዕለት ግን ከየቤቱ ወጥ ጎረፈለት። ጠዋት ስድሳ አራት ቤት ቀፎውን ይዞ ደጁ ተሰለፈ፤ እሱም ለሁሉ አደለ።

«ስድስቱስ?»

«ቄሶቹ ናቸው። በነፍሳችን አንዋሽም ብለው የራሳቸውን ሰጡ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ይዘህ ነው ስብሰባው ላይ ዝም ያልኸው?»

«የእኔ ዘርፍ አይደለም እኮ፣ እትዬ እጅጋየሁ። እኔ የቃል ትውፊት ነው የምሰበስበው።»

ብራናው ቅዱስ ባይሆን ኖሮ ራሱ ላይ እጥለው ነበር።

አሁን ምን ላድርግ? ዝም ብል ሰባ ቤት ከርስቱ ተነቅሎ መተከል ይጣላል። እውነቱን ብናገር፣ ሕዝቡ አጥኚ አታለለ ማለት በዚያ ዘመን አሻጥር ነው፤ ሊቀመንበሩን አስረው ሌላውንም ይለቅሙታል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ዞሬ ዞሬ የማገኘው ጥፋቱ የሚወድቅበት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የራሴ። ወረቀት አወጣሁና «ናሙናዎቹን በቸልተኝነት ስላደባለቅሁ ውጤቱ ዋጋ የለውም» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ።

ዶክተር ላቀው አንብቦ ፊቱ ቀላ።

«አብደሻል? አንቺ ናሙና አደባልቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አደባለቅሁ።»

«ከሥራ እንደሚያሳግድሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ያለ እኔ ፊርማ ደግሞ ውጤቱ እንደማይሄድ እርስዎ ያውቃሉ።»

ይደገም እንዳይል የተሰጠን ቀን አልቋል፣ ነዳጁም የሚበቃው ለመመለሻ ብቻ ነው። የጤናውን ክፍል በሙሉ በቀይ ሰረዘው። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ሦስቱ ሙያዎች ስለሆኑ ማጠቃለያው «ባሉበት ይቆዩ» ሆነ። እኔን እስከ ጎንደር እንደማያናግረኝ ነገረኝ፤ ድሮስ መቼ አናግሮኝ ያውቃል?

ጓዛችንን ስንጭን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። አምስት ሰው ሆነን ሦስት ቀን ስናጠና፣ በዚህ አገር እርግጠኛ የሆንንበት በሽተኛ አንድ ነው፤ እሱንም ያከመው የለም። እየሮጥሁ ሄድሁ። አያ ቢያዝን እኅቱ እትዬ ወለተሩፋኤል ደጅ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። እግሩ ሰልሎ አጥንት ቀርቷል፣ ሆዱ ግን ጋቢውን ገፍቶታል።

«አያ ቢያዝን፣ ይነሡ። ማኪና አለ፤ ጎንደር ወስጄ አሳክምዎታለሁ። መድኃኒቱ በአንድ ቀን ተውጦ የሚያልቅ ነው።»

እኅቱ ከውስጥ ሰምታ ወጣች።

«ምነው ልጄ! በጥር ሌላ አጥኝ ይመጣል ብሎናል ሊቀመንበሩ። እሱ ከዳነ በማን እንታመማለን?»

ጨነቀኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኋት፤ ሊያስነሣቸው የነበረው ራሱ ይኸው በሽታ እንደሆነ፣ ያተረፋቸው እኔ የፈረምሁት ወረቀት እንደሆነ። ጨርሳ ሰማችኝና በኀዘኔታ አየችኝ።

«ታሞ የሰፈረ ሰውስ አይተን አናውቅም። ጎረቤቶቻችንን እነ ጽጌሬዳን አምና የወሰዷቸው ደኅና ስለነበሩ ነው። ይኸው ዘንድሮ ታመምን፣ ይኸው ተዉን።»

«እትዬ፣ ይህ ሰው እኮ ይሞታል!» ብዬ ጮህሁባት። «አያ ቢያዝን፣ እርስዎ ይናገሩ እንጂ! ሆድዎ እኮ ነው!»

አያ ቢያዝን ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የማውቀው የበሽተኛ ፊት አልነበረም፤ ኩራት ነበር።

«መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ» አለኝ። «ዕድሜዬን የሰው ሰሊጥ ሳርም ነው የኖርሁ። ዘንድሮ አገር በእኔ ቆመ። ይኸን ጥለህ ዳን ትይኛለሽ፣ ልጄ?»

ከታች ማኪናው ጡሩምባውን ነፋ። እትዬ ወለተሩፋኤል ገብታ የሽሮ ወጥ በትልቅ ገበታ ይዛ ወጣችና ፊቱ አኖረችለት።

«ብላ» አለችው፤ «ጥር ሩቅ አይዶለም።»