ከመስመሩ ሥር የተተከለ ድንኳን

«የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ድንኳን ይነቀላል? ያውም ከሠልስት በፊት!» ባለሱቁ ጋሽ ጌታቸው መሬቱን በከዘራቸው ወጉት።

ከአገር ርቀው በሚኖሩበት ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ መንገድ ዳር፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ሥር በተጣለው ድንኳን ውስጥ ሮማነወርቅ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ባሏን ሠርፀን የቀበረችው ትናንት ነው። ደጅ የቆመው የመስመር ሠራተኞቹ አለቃ ቡሽራ ቆቡን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

«አልባረካ ፊኩም፣ አላህ ያጽናሽ እህቴ። ማሌሽ፣ ይቅርታ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከመውን ሽቦ ዛሬ ካልዘረጋን የሥራ መኪናችን ነገ ወንዝ ማዶ ወደ ጉምቦ ይሻገራል። መቼ እንደሚመለስ እኔም አላውቅ።»

«ይሻገራ! ሠርፀ እንደ ውሻ አልሞተም» አሉ ጋሽ ጌታቸው።

ሰፈሩ በአሮጌው መስመር ስንቱን አይቷል! አምፖሉ እንደ ጧፍ ይደክማል፣ ፍሪጅ ይቃጠላል፣ የሮማነወርቅ ምግብ ቤት ሥጋ ይሸታል። አዲሱ ይመጣል ሲባል ደግሞ ኃይሉ ብርቱ ነውና ጣሪያም ሸራም አይጠጋው ተባለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሠርፀ በየበሩ ዞሮ ለመነ።

«ጋሼ፣ የሱቅዎን የቆርቆሮ ጥላ ሁለት ክንድ ይቀንሱልኝ።»

«ቮልቴጅህ መምጣቱን እንጃ፤ ፀሐይዋ ግን በየቀኑ ትመጣለች» ብለው ጋሽ ጌታቸው ሸኙት። ሌላውም «ነዝናዛው መጣ» እያለ በር ይዘጋበት ጀመር። እሱም በእልህ የገዛ ምግብ ቤታቸውን ጥላ ቆረጠው። ደንበኞቿን ዝናብ ሲደበድባቸው ሮማነወርቅ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ኩርፊያው በቅጡ ሳይበርድ ታይፎይድ ጣለው።

ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው በረታ። «ነውር ነው።» «ሟች ይታዘበናል።»

ሮማነወርቅ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ በቁሙ ሲለምናችሁ አንድ ቆርቆሮ ያላነሳችሁለት ሰዎች፣ ዛሬ ለክብሩ ብላችሁ ሸራ አናነሳም ትሉኛላችሁ?»

ተነስታ ገመዱን ራሷ ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው እምቢ ቢላት «ኧረ በእመቤቴ!» ብላ በጥርሷ ያዘችው። ይሄኔ ጋሽ ጌታቸው ከዘራቸውን ጥለው ሌላኛውን ጫፍ ጨበጡ።

«የእርስዎም ጥላ አለ» አላቸው ቡሽራ፣ በጣቱ ሱቃቸውን እያሳየ።

«አይቻለሁ። መጋዝ አምጣ!» አሉት በቁጣ።

ሸራው ወረደ፤ ፍራሹ ሜዳ ላይ ቀረ። ሮማነወርቅ ፀሐዩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ዝማሬ አንጀቷ አልችል ቢላት አጠገቧ ቁጭ ብላ ጃንጥላ ዘረጋችላት። ሮማነወርቅ ሽቅብ እየተሳበ ያለውን ሽቦ አየች፤ ከዚያ የጃንጥላውን ዘንግ ያዘች።

«ዝቅ አድርጊው።»

«ኧረ ሽቦው ሩቅ ነው፣ የኔ እናት።»

«ግድ የለም፤ ዝቅ አድርጊው» አለችና፣ ጨርቁ የሁለታቸውንም ነጠላ እስኪነካ ድረስ ቁልቁል ሳበችው።